የገመዱ ወዲያኛ ጫፍ

ሞጣ በልጅነቴ አስፋልት አልነበራትም። ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ እኛ የሚመጣው መንገድ ጠጠር ነበር። በበጋ የአውቶብሱ አቧራ ገና ከሩቅ ይታያል፤ በክረምት መኪናው ጭቃ ይይዘውና ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል። በእንዲህ ያለ አገር ያደገ ልጅ አራት ትንንሽ ጎማ በተሰለፈበት ጫማ ላይ ቆሞ ይወዳደራል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። እኔም አላሰብኩትም። ሆኖም በስኬቲንግ ውድድር ያሳለፍኳቸው ዓመታት ትዝ ሲሉኝ፣ ከየትኛውም የአውሮፓ ጎዳና በፊት ቀድሞ የሚመጣብኝ ከሞጣ ወደ ዓባይ የሚወርደው የእግር መንገድ ነው።

እዚያ ቁልቁለት ግርጌ ሰባራ ድልድይ አለ። ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኝ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቆረጠ። የቀረው ከወዲህም ከወዲያም ቆሞ ዓባይን የሚያይ ግንብ ነው። ከዚያ በኋላ ስልሳ ዓመት ያህል ሰው ያንን ክፍተት ሲሻገር የኖረው በገመድ ነበር። ከብት በገመድ አይሻገርም፤ ሰው ግን ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለጠበልም ይሻገር ነበር። የታመመም፣ ያረገዘችም ሌላ መንገድ ካላገኘ በዚያው ገመድ ነበር የሚያልፈው።

አጎቴ ማዶ ያሉ ዘመዶቻችንን ሊጠይቅ ሲሄድ ይዞኝ ወረደ። ከግንቡ ጫፍ ስንደርስ ገመዱን የያዙት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ተነሥተው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ከዚያ ወደ ማዶ ጮኸው፣ «ሕፃን ነው! ቀላል ነው! ቀስ እያላችሁ!» አሉ።

አጎቴ፣ «አያ፣ እኔ ልቅደምና ወዲያ ሆኜ ልቀበለው?» አላቸው።

«የለም፣ እሱ ይቅደም። አንተ ከኋላው መኖርህን ካወቀ ልቡ ይረጋል» አሉት።

ወገቤን አሰሩኝ። ከወዲህ ያሉት ገመዱን እያላሉ፣ ከወዲያ ያሉት እየሳቡ አሻገሩኝ። ከሥሬ የነበረውን ውኃ ድምፁን እንጂ መልኩን አላስታውሰውም። በደንብ የማስታውሰው የሰዎቹን ንግግር ነው። አንደኛው ወገን «ያዝ!» ሲል ሌላው «ይዣለሁ!» ይላል፤ መልሱ ሳይመጣ ማንም አንዲት ክንድ ገመድ አይለቅም። አየር ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ነገር ግን በሁለቱም ጫፍ ክብደቴን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

አዲስ አበባ የመጣሁት ለትምህርት ነው፤ ያረፍኩትም ሽሮ ሜዳ አክስቴ ቤት። ስኬቲንግ ያየሁት መስቀል አደባባይ ነው። ያኔ አደባባዩ እንደ ዛሬው ታድሶ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ አልተሠራለትም። በማለዳ ሯጮች ደረጃዎቹን ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሱ ይሮጣሉ፤ ከታች ሰፊው አስፋልት ላይ ደግሞ መኪና ሳይበዛ ልጆች በባለ ጎማ ጫማ ይሽከረከራሉ። ጫማው ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው ወይም ከመርካቶ ሰልባጅ የተገኘ ነው። አንድ ጫማ ለሦስት ለአራት ልጅ ነበር። እግሩ ትንሽ የሆነ ካልሲ ይደርባል፣ እግሩ ትልቅ የሆነ ጣቱን አጥፎ ይችላል።

እዚያ የተማርነው ግማሹ የመካኒክ ሥራ ነበር። ጎማው በውስጥ ጠርዙ በኩል ነው ቶሎ የሚበላው፣ ምክንያቱም ሰው የሚገፋው እግሩን ወደ ጎን እያዘነበለ ነው። ስለዚህ ጎማዎቹን ፈትተን የግራውን ወደ ቀኝ፣ የፊቱን ወደ ኋላ እናዛውራለን። ኩሽኔታውን በነጭ ጋዝ አጥበን፣ በጨርቅ አድርቀን፣ ጠብታ ዘይት ሰጥተን እንመልሳለን። የኋላውን ፍሬን ነቅሎ ያልጣለ ልጅ አልነበረም። በኋላ እንደተረዳሁት የውድድር ጫማም ፍሬን የለውም፤ ተወዳዳሪ የሚቆመው አንዱን እግር ከኋላ አጋድሞ በመጎተት ነው። እኛም ማንም ሳያስተምረን የምንቆመው እንደዚያው ነበር።

ቁልቁለቱ ነፃ ነው። ከሽሮ ሜዳ በስድስት ኪሎ፣ በአራት ኪሎ አድርጎ መውረድ ጉልበት አይጠይቅም፤ ዳገቱን ለመመለስ ግን መኪና ያስፈልግ ነበር። አይሱዙ ፍጥነቱን ሲቀንስ ከኋላ ተጠግተን የጭነቱን ሳንቃ እንይዛለን፣ እየጎተተ ያወጣናል። የዚህን ነገር ደስታ ልክደው አልችልም። ከተማው በሁለት ጎንህ ያልፋል፣ ነፋሱ ሸሚዝህን ይነፋዋል፣ እግርህ ምንም አይሠራም። ሾፌሩ ግን እኛ መኖራችንን አያውቅም። ፍሬን ሲይዝ የሚይዘው ከፊቱ ላለው ነው፤ ሲታጠፍም ከኋላው ሰው ተንጠልጥሏል ብሎ አይደለም። አብሮን የሚውል አንድ ልጅ አንድ ቀን መኪናው በድንገት ሲቆም ከሳንቃው ጋር ተላተመ፤ ትከሻው ተሰበረ። ሾፌሩ ወርዶ ሲያየው እንባው ነው የመጣው። «ልጄ፣ ከየት መጣህብኝ?» ይለው ነበር ደጋግሞ። ያ ልጅ ከመካከላችን ፈጣኑ ነበር። ሰዓት የያዘለት ማንም የለም፣ ከማንም ጋር ተወዳድሮ አያውቅም። ጉዳቱ ከዳነ በኋላም ወደ ጫማው አልተመለሰም።

ጀርመን አገር ለትምህርት ስሄድ ስኬቲንግ በፌዴሬሽን፣ በክለብ፣ በዓለም ሻምፒዮና የሚካሄድ ስፖርት መሆኑን ያኔ ገና ነበር ያወቅኩት። በዓለም ሻምፒዮናው በትራክ ላይና በመንገድ ላይ የሚደረግ ውድድር አለ። አጭር ሩጫ አለ፣ ነጥብ የሚሰበሰብበት አለ፣ በየዙሩ መጨረሻ የሚሆነው እየተሰናበተ የሚሄድበት አለ፣ በመጨረሻም 42.195 ኪሎ ሜትሩ ማራቶን አለ። በርሊን ላይ ይህ ማራቶን የሚደረገው ሯጮቹ እሑድ በሚሮጡበት ጎዳና ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከፊት ፕሮፌሽናሎቹ ይነሣሉ፤ እኛ ከኋላቸው በየሰዓታችን ተመድበን በሺህ እየሆንን እንከተላለን። ያለ ሄልሜት ማንም አይገባም። መንገዱ ለእኛ ተዘግቷል። አይሱዙ የለም፣ ታክሲ የለም፣ ከኋላ ጥሩንባ የሚነፋ የለም። በመጀመሪያው ዓመት መነሻው ላይ ቆሜ ያንን ባዶ ሰፊ አስፋልት ሳይ ዓይኔ እንባ ሞላ።

እዚያ ብቻውን የሚሄድ ሰው የለም። ፕሮፌሽናሎቹ ማራቶኑን የሚጨርሱት በአንድ ሰዓት ግድም፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ሰዓት በታች ነው፤ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። በዚህ ፍጥነት ዋናው ባላጋራ አየሩ ነው። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ተወዳዳሪዎች አንዱ ከሌላው ጀርባ ተጣብቀው ይሰለፋሉ። ፊት ያለው ነፋሱን ይሰብራል፣ ከኋላው ያሉት እጅግ ባነሰ ጉልበት ይከተሉታል። ሲደክመው እጁን አሳይቶ ወደ ጎን ይወጣና ሰልፉ ሲያልፈው ከጭራው ይገባል፤ ሁለተኛ የነበረው ፊት ይሆናል። እርምጃው አንድ ነው፤ ቀኝ ሲባል ሁሉም ቀኝ፣ ግራ ሲባል ሁሉም ግራ። አንዱ ከተሳሳተ ጎማ ከጎማ ይጋጭና አሥር ሰው አብሮ ይወድቃል። ጉድጓድ ወይም የባቡር ሐዲድ ሲመጣ ፊት ያለው በጣቱ ወደ መሬት ይጠቁማል፤ ምልክቱ ከእጅ ወደ እጅ እስከ ጭራው ይደርሳል። ከኋላ ያለው የሚያየው ነገር የአንድ ሰው ጀርባ ብቻ ነው። በዚያ ፍጥነት መንገዱን የሚያይለት እሱ ነው።

ለብዙ ጊዜ ይህን ልማድ አልቻልኩበትም። የአዲስ አበባ ቁልቁለት ያስተማረኝ ከሰው መራቅን ነበር። የክለባችን ሰዎች ጀርመኖች፣ ፖላንዶች፣ አንድ ኮሎምቢያዊም ነበሩ፤ ኮሎምቢያዊው ወደ ሰልፉ የሚያስገባኝ ዳሌዬን በመዳፉ ቀስ ብሎ እየነካ ነው። «አለሁ» ማለቱ ነው። ፍጥነት ሲቀየር ይነካኛል፣ መታጠፊያ ሲመጣ ይነካኛል። አንድ የልምምድ ቀን ማታ ላይ፣ ከኋላዬ ያ እጅ ሲያርፍ፣ የዓባዩ «ያዝ!» እና «ይዣለሁ!» መጣብኝ። ሰባራ ድልድይ ላይ ገመድ የያዙት ሰዎችና እነዚህ ሰዎች የሚያደርጉት አንድ ሥራ ነው። ሰው ብቻውን በማይደፍረው ቦታ ላይ ክብደቱን ለሚያውቁት አደራ ይሰጣል፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ እሱ ይስባል። አይሱዙው የጎደለው ይህ ነበር። እሱም ይጎትት ነበር፣ ግን የሚጎትተውን አያውቅም።

ያ ከገባኝ በኋላ ሰዓቴ በግልጽ ተሻሻለ፣ ወደ ፊተኞቹ ምድቦችም ተሸጋገርኩ። ፕሮፌሽናል አልሆንኩም። እነሱን ግን በቅርብ አየኋቸው። የቡድኑ አሠራር የተጠና ነው። አንዱ ገና በመካከሉ አምልጦ በመውጣት ሌሎቹን ያደክማል፣ ሁለተኛው ያሳድዳል፣ ሦስተኛው ለመጨረሻው ኪሎ ሜትር ጉልበቱን ቆጥቦ የተደበቀ ነው። ከብራንደንቡርግ በር በኋላ ያለው ፍልሚያ ሲደርስ እነዚያ ሁለቱ ነፋሱን ሰብረውለት ይለቁታል። አሸናፊው የሚለየውም በደረቱ ሳይሆን መስመሩን ቀድማ ባለፈች ጎማ ስለሆነ፣ ሁሉም በመጨረሻዋ ቅጽበት አንድ እግሩን ወደ ፊት ይወረውራል። አንዱ ስሙ ይጻፋል፣ ሁለቱ ግን ስማቸውን የሚያውቀው የቡድናቸው ሰው ነው። እኔ ከሁሉ በላይ የማከብረው እነዚያን ሁለቱን ነው።

በ2007 እ.ኤ.አ. ቅዳሜውን ተወዳድሬ እሑድ ጠዋት እግሬን እየጎተትኩ፣ ባንዲራ ለብሰው ከየከተማው ከመጡ ኢትዮጵያውያን ጋር ጎዳናው ዳር ቆምኩ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በዚያ ቀን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በመግባት የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዓመቱ ተመልሶ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 አደረገው። አስፋልቱን አውቀው ነበር፤ የት ሻካራ እንደሆነ፣ የት ነፋሱ ከጎን እንደሚመጣ ትናንት እግሬ ሥር አልፎ ነበር። እሱም ቢሆን ረጅሙን መንገድ የሄደው ፍጥነት ከሚጠብቁለት ሯጮች ጋር ነበር። አጠገቤ የቆሙ እናት፣ «ልጆቼ፣ እነዚህ ከፊት የሚሮጡት እነማን ናቸው?» ብለው ሲጠይቁ፣ የሚያብራራላቸው በመገኘቱ ደስ አለኝ።

ከዚያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቀደም ብሎ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ሁለት ነገር ሆኖ ነበር፤ ሁለቱንም በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ቻድ ሄድሪክ የተባለው አሜሪካዊ በ5,000 ሜትር የበረዶ ላይ ፍጥነት ወርቅ አገኘ። ይህ ሰው በባለ ጎማ ጫማ ደጋግሞ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ነው፤ እኛ ዛሬ በሁሉም ክለብ የምንማረው፣ እግር ሲወጣም ሲገባም የሚገፋበት እርምጃ ከስሙ ጋር የተያያዘ ነው። የጎማው ውድድር ኦሊምፒክ ውስጥ ስለሌለ ወደ በረዶ ተሻገረ። ቤልጅጋዊው ባርት ስዊንግስም በርሊንን ደጋግሞ ካሸነፈ በኋላ በ2022 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ላይ ወርቅ ያገኘው በበረዶ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሮቤል ተክለማርያም ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሮቤል በቱሪን የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ለብቻው ገባ። በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን የወከለ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. በቫንኩቨርም ተመልሷል። የተወዳደረው በረጅም ርቀት ስኪ ነው፤ ኢትዮጵያ በረዶ ስለሌላት አገር ቤት ሲሆን የሚለማመደው ጎማ በተገጠመለት ስኪ፣ በአስፋልት ላይ ነበር። የእኛ አስፋልት መሆኑ ነው። ከፊቱ ነፋስ የሚሰብርለት፣ ከኋላው ዳሌውን የሚነካው የአገሩ ልጅ አልነበረም። ውጤቱ ከኋላኞቹ ጋር ነበር፤ ይህን እያነሡ የሚያቃልሉት ሲያጋጥሙኝ እናደዳለሁ። መስቀል አደባባይ ላይ ጫማ ተጋርተን የምንነዳ ልጆች በነበርንበት ከተማ ውስጥ እሱ ያንን ያህል ርቀት ብቻውን ሄዷል። አንድ ሰው ብቻውን የሚደርስበትን ደርሷል።

የኮሎምቢያዊው ጓደኛዬ አገር ታሪክ ስለዚህ ነው የሚያስቀናኝ። ቦጎታ በ2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ትበልጣለች፣ ሞጣም ከ2,400 በላይ ናት። ኮሎምቢያም ሀብታም አገር አይደለችም። ነገር ግን በየከተማው የስኬቲንግ ትራክ ሠሩ፣ ልጆቹን ከትንሽነታቸው በክለብ አሰለፉ፤ ዛሬ በዓለም ሻምፒዮና ደጋግመው የሚያሸንፉት እነሱ ናቸው። ሳንባ እኛም አለን። እግርም አለን። የጎደለን ለሁለት ሰዓት የሚዘጋ መንገድና ከተሰለፉት ልጆች አጠገብ ሰዓት ይዞ የሚቆም ሰው ነው። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም፤ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ ሲደረግ መንገድ መዝጋት እንደምንችል አሳይተናል።

ሞጣም ዛሬ አስፋልት ገብቶላታል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ መንገድም በጃፓኖች እርዳታ ታድሶ፣ ከሥሩ ባለ 303 ሜትሩ አዲስ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ተመርቋል። በአውቶብስ ስወርድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚጠማዘዘውን ቁልቁለት በዓይኔ እየለካሁ ነው የምሄደው፤ ቀኙን እግር የት ማሳረፍ፣ የት ጎንበስ ማለት፣ ሰልፉ የት መላላት እንዳለበት። ከጭነት መኪናዎች ጋር የሚሞከር ነገር አይደለም፤ የሚሞክር ልጅ ባይ ወርጄ አስቆመዋለሁ። ሰባራ ድልድይንም ገመድ ከለቀቀው ቆይቷል። በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ ላይ የብረት መሸጋገሪያ ተዘረጋለት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የክረምት ሙላት ወሰደው፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ከብቱም አህያውም በእሱ ያልፋል።

በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» ብላ በወር አንድ እሑድ ጎዳናዎቿን ለመኪና መዝጋት ስትጀምር እዚያው ነበርኩ። ባለ ጎማ ጫማ ያጠለቁ ልጆች፣ ሴቶችም ጭምር፣ መንገዱን ሞልተውታል። በእኔ ጊዜ ሴት ልጅ በዚህ ጫማ አይቼ አላውቅም ነበር። ቀልጣፎች ናቸው፤ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ ይዘላሉ፣ በአንድ እግር ይዞራሉ። ነገር ግን ሁሉም ለየብቻው ነው።

የተወሰኑትን ሰብስቤ፣ «ላሰልፋችሁ?» አልኳቸው። አምስት ሆኑ። አንዷ፣ «ጋሼ፣ እኔ ከሰው ኋላ አልሄድም» አለችኝ፤ ፈጣኗ እሷ ነበረች። ፊት አደረግኳት። በዳገቱ ግማሽ ላይ ትንፋሽ አጠራት፤ ወደ ጎን አውጥቼ ከጭራው አስገባኋት። ትንሽ እንደሄደች፣ «እንዴ! ነፋሱ የት ሄደ?» ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ጠባቸው ሌላ ሆነ፤ ፊት ለመሆን የሚሻማ ጠፍቶ ሁሉም ሁለተኛ መሆን ፈለገ። በመብራት ምሰሶ ተካፈሉ፤ ለአንድ ሰው ሦስት ምሰሶ። ልጅቷ ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ስትደርስ እጇን አውጥታ ወጣች፣ ቀጣዩ ልጅ «ይዣለሁ» ሳይላት ግን ፍጥነቷን አልቀነሰችም። ይህን እኔ አልነገርኳትም። መኪና መግባት እስኪጀምር ድረስ ተመላለሱበት፤ ሲለያዩም በሚቀጥለው ወር ማን ፊት እንደሚጀምር ይከራከሩ ነበር።